ልክህን እወቅ

ጠመንጃ ያዥ በሚባል ሰፈር እየኖሩ መድፍ መተኮስ ትርፍ ነገር ይመስላል። እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ተኩሻለሁ።

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘችበት ሰሞን ነው። ማታ ዘመድ አዝማድ ቤቴ ይሰበሰባል። «ዘንድሮ ቢራና ለስላሳ ደርድሬ አልቀመጥም፤ ትልልቅ ሆቴሎች የሚያቀርቡትን ኮክቴል በገዛ እጄ ሠርቼ አስተናግዳለሁ» ብዬ ከሳምንት በፊት ፎክሬያለሁ። ጂኑን ገዛሁ፤ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ውስጥ ቀዳሁት። ሎሚ ጨመቅሁ፣ ስኳር በተንኩበት፣ በረዶ ጨመርኩ። ከዚያ ሁላችንም በደፈናው ሻምፓኝ የምንለውን ጋዝ ያለው ነጭ ወይን ከፍቼ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ እንደ ወተት ቅል እንጠው ጀመር።

አራት ጊዜ እንኳ አልናጥኩትም። ድው! ክዳኑ ኮርኒሱን መትቶ ምድጃው ላይ ወደቀ። ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ እኔም ራሴ ሎሚ በሎሚ ሆንን።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እማማ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካዛንቺስ ጠጅ ሲጥሉ ኖረው፣ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ልጃቸው ዘንድ መጥተው የተቀመጡ ሴት ናቸው።

«ምን ፈነዳ ልጄ? ሲሊንደር ነው?»

«አይ እማማ፣ ጂን ነው።»

«ጂን? በስመ አብ በል!»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው ብልቃጡን አነሱና አሸተቱት።

«ስንት ስንት እጅ አደረግህ?»

«በግምት ነው እማማ።»

«በግምት!» አሉ፤ ነውር የተናገርኩ ይመስል። «እኔ አንድ እጅ ማር ካደረግሁ ሦስት እጅ ውሃ ነው። ጌሾው በልኩ፣ ቀኑ በልኩ። ልክ የማያውቅ ሰው ጠጅም አይጥል፣ ቤትም አያቆም» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ይወለውላሉ፤ ግርጌዋ ወፈር ያለ የአረቄ ብርጭቆ።

«የዚህች ስም ማነው?»

«መለኪያ።»

«ታዲያ መለኪያ የተባለችው ለጌጥ ነው?»

ልክ ልኬን ነግረውኝ፣ መለኪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

መጋረጃውን እያጠብኩ «ልክ» ስለምትለዋ የእማማ ቃል አሰብኩ። በአማርኛችን «ልክ» መጠን ነው፤ የጫማ ልክ፣ የልብስ ልክ እንላለን። ያው ቃል ደግሞ እውነት ነው፤ ትክክል የተናገረውን ሰው «ልክ ነህ» እንለዋለን። ድንበር ያለፈውን «ልክ የለውም» ብለን እንፈርድበታለን። ያበጠብንን ሰው «ልክ አገባዋለሁ» ብለን እንዝትበታለን። መጠንን ማወቅና ትክክል መሆን በቋንቋችን አንድ ቤት ያደሩ መንትዮች ናቸው።

«ልክህን እወቅ» የሚለውን ግን ስድብ አድርገነዋል። አለቃ ሠራተኛውን፣ ሀብታም ድሃውን የሚያሸማቅቅበት ቃል ሆኗል። እኔ ዛሬ ይህንን ቃል ከስድብ አውጥቼ ወደ ምክር ልመልሰው ነው የተነሳሁት። ልኩን ያወቀ ሰው ምን እንዳለው፣ ምን እንደጎደለው፣ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው ነው የሚያድገው። ማስረጃዬም ያቺ መለኪያና ያ ኮርኒስ የመታ መጠጥ ናቸው።

የመድፉ ምስጢር

ልሠራው የሞከርኩት መጠጥ «ፍሬንች 75» ይባላል። ጂን፣ ሎሚ፣ ስኳርና ጋዝ ያለው ወይን፤ አራት ነገር ብቻ ነው። ስሙን ያገኘው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዮች ከሚመኩበት ባለ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው። ስለዚህ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የተሰማው ድምፅ ከስሙ ጋር የተስማማ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ መድፍ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። በመጠኑ ትልቅ መድፍ አልነበረም። ከእርሱ በፊት የነበሩት መድፎች አንድ ጊዜ በተተኮሱ ቁጥር ከነመንኮራኩራቸው ወደ ኋላ ይንደረደሩ ነበር፤ ተኳሾቹ ገፍተው መልሰው እንደገና ማለም ነበረባቸው። ፈረንሳዮቹ ዘይትና የታመቀ አየር ያለበት መሣሪያ ከአፈሙዙ ሥር አስገቡ። መድፉ ሲተኮስ አፈሙዙ ብቻ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በራሱ ወደነበረበት ቦታ ይመለሳል። መንኮራኩሩ አይነቃነቅም፣ ዒላማው አይጠፋም። በዚህ የተነሳ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል መተኮስ ቻለ።

ወዳጆቼ፣ ይህንን ነገር ደጋግማችሁ አስቡት። ያ መድፍ ዝነኛ የሆነው ወደ ኋላ ስላልተገፋ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ይገፋ ነበር። ከተገፋ በኋላ ቦታውን ስለማይስት ነው። ሥራ ያጣችሁ፣ ንግድ የከሰረባችሁ፣ ፈተና የወደቃችሁ ሁሉ፣ መገፋታችሁን አትቁጠሩት። ስትመለሱ ዒላማችሁ ፊት ለፊታችሁ አለ ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

እኔም መጋረጃዬን ካጠብኩ በኋላ ወደ ዒላማዬ ተመለስኩ። አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ወይን ቀርቶኛል። እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ሰዓት ይቀራል። የተማርኩትን በተራ ልንገራችሁ።

1. ለኩ

በዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር ዝርዝር የተጻፈው የዚህ መጠጥ ልክ ይህ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 15 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ፣ 60 ሚሊ ሊትር ሻምፓኝ። በእማማ ቋንቋ ስተረጉመው አራት እጅ ወይን፣ ሁለት እጅ ጂን፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ አንድ እጅ ሽሮፕ ነው። እጁን ካወቃችሁ በሲኒም ስፈሩት፣ በመለኪያም ስፈሩት፣ ጣዕሙ ያው ነው።

ሽሮፑ ራሱ ልክ አለው። አንድ ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ፤ አለቀ። እኔ እንዳደረግሁት ስኳሩን በደረቁ የበተናችሁት እንደሆነ በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ አይሟሟም፤ ከታች ዘቅጦ ይቀርና የመጀመሪያው ጉንጭ ፊት ያኮማትራል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከረሜላ ይሆናል። ማር የሚወድ ሰው ማሩን ለብ ባለ ውሃ እኩል በእኩል በርዞ በሽሮፑ ፈንታ ቢያስገባ ከጂኑ ጋር ደህና ይስማማል።

ሕይወታችን ውስጥ «በግምት» የምንሠራውን ነገር ቁጠሩት እስቲ። ደመወዛችን በግምት ይወጣል። ጊዜያችን በግምት ያልፋል። «በወር ምን ያህል ታጠፋለህ?» ብትሉኝ በዚያ ቅዳሜ መልስ አልነበረኝም። ለአንድ ወር ያህል የታክሲውን፣ የማኪያቶውን፣ የሞባይል ካርዱን እየጻፍኩ ስለካው ነው ገንዘቤ የት እንደሚገባ ያወቅሁት። ያልተለካ ነገር አይሻሻልም፤ ምክንያቱም መሻሻሉንም ሆነ መበላሸቱን የምታዩበት ምልክት የለም።

2. ባላችሁ ዕቃ ጀምሩ

«ኮክቴል ለመሥራት እኮ መሣሪያ ያስፈልጋል» ትሉኝ ይሆናል። ያስፈልጋል። ሁሉም ግን ቤታችሁ አለ። መበጥበጫው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማር ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ነው። ማጥለያው የሻይ ማጥለያ ነው። መለኪያ የሚያውስ ጎረቤት ከሌላችሁ ከልጆች ሳል ሽሮፕ ጋር የሚመጣው፣ 5፣ 10፣ 15 ተብሎ የተሰመረበት የፕላስቲክ ኩባያ መድኃኒት ቤት የሰጣችሁ ነፃ ዕቃ ነው፤ በደንብ አጥባችሁ ተጠቀሙበት። ፍሪጅ ባይኖር ወይም መብራት ቢጠፋ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ አድርጋችሁ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩበትና ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ጂኑም ቢሆን የግድ ከውጭ የመጣ መሆን የለበትም፤ የጋምቤላውን ወንዝ ስም የያዘው ባሮ ጂን አለ። ጂን ጠረኑን የሚያገኘው ከጽድ ፍሬ ነው። የፈረንጆቹ ጽድ የቤተ ክርስቲያን አጸዶቻችንን ለሚያለብሰው የሐበሻ ጽድ የቅርብ ዘመድ ነው። አፍንጫችሁን ወደ ብርጭቆው ስታስጠጉ የምታውቁት ጠረን የሚመጣላችሁ ለዚህ ነው። ዘመድ ቢሆንም ያው አይደለምና ከአጸድ ፍሬ ለቅማችሁ ግን አትሞክሩ።

ሎሚያችን ደግሞ ከፈረንጆቹ ትልልቅ ቢጫ ሎሚ ያንሳል፣ ይኮመጥጣልም። ስለዚህ 15 የተባለውን በ10 ወይም በ12 ጀምሩት። በጥምቀት ወጣቱ የሚወዳት ልጅ ላይ የሚወረውራት ያቺ ትንሽ ሎሚ ጉልበቷ በመጠኗ አይለካም።

«ካፒታል የለኝም፣ ዕቃ የለኝም፣ ቢሮ የለኝም» እያላችሁ ዓመት የምታስቆጥሩ ወዳጆቼ፣ ቤታችሁን አንዴ ዞር ዞር ብላችሁ ፈትሹት። ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

3. ተራ ጠብቁ

የእኔ ትልቁ ጥፋት የመጠን ብቻ አልነበረም፤ የተራም ነበር። ጋዝ ያለው ወይን አይበጠበጥም። በብልቃጥ የሚበጠበጡት ጂኑ፣ ሎሚውና ሽሮፑ ከበረዶ ጋር ናቸው። ብልቃጡ ውጩ ላብ አውጥቶ ጣታችሁን እስኪያቀዘቅዝ፣ ለ15 ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ በማጥለያ ወደ ብርጭቆ። ወይኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ፣ በጎኑ፣ ቀስ እያሉ።

አከፋፈቱም ተራ አለው። በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት ከቤት መኪና ጎማ ግፊት ከእጥፍ በላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የውጩ አየር ስለሚሳሳ ጋዙ ለመውጣት ይበልጥ ይቸኩላል። ስለዚህ ጠርሙሱ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ብርድ ጋዙን አፍኖ ያስቀምጠዋል። ወረቀቱን ላጡ። ሽቦውን ስድስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ዙር ፍቱት፤ አውራ ጣታችሁ ግን ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን ወደ ግድግዳ አዘንብሉት እንጂ ወደ ሰው አታዙሩት። ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ የምታዞሩት ጠርሙሱን ነው። ድምፁ እንደ ሠርግ ቤት «ጷ!» አይልም፤ «እፍ» ብሎ ይወጣል። ያ ነው ደህና አከፋፈት።

እኛ ብዙ ጊዜ አረፋውን እናስቀድማለን። ሱቁ ሳይከፈት የምረቃው ድግስ፣ መጽሐፉ ሳይጻፍ ፎቶው፣ ቁጠባው ሳይጀመር መኪናው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። መጀመሪያ የሚመጣው ኮምጣጣውና ቀዝቃዛው ሥራ ነው፤ መለካት፣ መጭመቅ፣ መበጥበጥ። ደስታው የሚፈስሰው በላዩ ላይ ነው።

ካዛንቺስ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሰው አላት። ዳንሰኛው መላኩ በላይ ፈንዲቃ በሚባለው የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ደመወዝ ሳይኖረው እንግዶች በሚሸልሙት እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ኖሯል። ቤቱን ራሱ የተረከበውና በዓለም የሚታወቅ የባህል ማዕከል ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። አረፋው በተራው መጣለት።

4. ቅመሱና አርሙ

በእኛ ባህል መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ጠብ አድርጎ ከመዳፉ ይቀምሳል። ለእንግዳው «አይዞህ፣ ሰላም ነው» ማለቱ ነው። ለሠሪውም ግን ትምህርት አለው፤ የሠራኸውን ለሰው ከማቅረብህ በፊት ራስህ ቅመሰው።

ከወይኑ በፊት ከብልቃጡ ጠብ አድርጋችሁ ቅመሱ። ከኮመጠጠ ሽሮፕ፣ ከጣፈጠ ሎሚ ጠብ አድርጉ። የወይኑንም ጠባይ እወቁ። ጠርሙሱ ላይ «ብሩት» ከተባለ ደረቅ ነው፤ ሽሮፑ በልኩ ይግባ። «ኤክስትራ ድራይ» የሚለው ግን ያታልላል፤ ከብሩት ይልቅ ጣፈጥ ይላል። ወይኑ ጣፋጭ ከሆነ ሽሮፑን በግማሽ ቀንሱት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከመደርደሪያው ፊት ቆማችሁ ጽሑፉን አንብቡ እንጂ በጠርሙሱ ወርቃማ ወረቀት አትማረኩ።

ይህ መጠጥ ራሱ በአንድ ቀን አልተወለደም። በኋላ ፓሪስ ውስጥ የሃሪ ኒውዮርክ ባር ጌታ የሆነው ስኮትላንዳዊ ሃሪ ማኬልሆን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ «75» ብሎ ያሰፈረው መጠጥ ጂን ቢኖረውም የፖም አረቄና ቀይ የሮማን ሽሮፕ ያለበት ነበር፤ ጋዝ ያለው ወይን አልነበረውም። በ1927 አሜሪካ ውስጥ በታተመ መጽሐፍ ጂን፣ ሎሚ፣ ስኳርና ሻምፓኝ ሆኖ ወጣ። በ1930 ለንደን ላይ የሳቮይ ሆቴሉ ሃሪ ክራዶክ በመጽሐፉ አስገባውና በዓለም ተሰራጨ። ስሙ አንድ፣ እርማቱ ብዙ ነው። የመጀመሪያ ሙከራችሁ ኮርኒስ ቢመታ እንግዲህ ምን ይደንቃል?

5. ብቻችሁን አትክፈቱት

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጠርሙስ ወይን 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ብርጭቆ 60 ከሆነ አንዱ ጠርሙስ ለ12 ሰው ይደርሳል። አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ጋዙ እየወጣ ይሄድና ሙት ይሆናል። ይህ መጠጥ በተፈጥሮው ለብቸኛ ሰው አልተሠራም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት ፈረንጆቹም ሳያውቁት የተረዱት ይመስለኛል።

እማማ የመጡበት ሰፈር፣ ካዛንቺስ፣ ስሙ ራሱ ቤት የሚል ቃል አለበት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምህፃረ ቃሉ «ኢንቺስ» ነበር፤ የሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። እኛ አጠጋግተን ካዛንቺስ አልነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ካዛብላንካ» ፊልም ውስጥ በሪክ ቡና ቤት ከሚታዘዙት መጠጦች አንዱ ይኸው ፍሬንች 75 ነው። ካዛብላንካም ትርጉሙ «ነጭ ቤት» ነው። ሁለቱም ስሞች ውስጥ ቤት አለ።

የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ዛሬ የሉም። ከመናኸሪያ እስከ ኡራኤል ድረስ በእግራችን የምናውቀው መንገድ መልኩ ተለውጧል፤ ጎረቤትም ተበትኗል። እማማ ይህን ሲያወሩ አያለቅሱም። «ቤቱን አፈረሱት፤ ቡና ጠጡ መባባሉን ግን በሻንጣ ይዤው ነው የመጣሁ» ይላሉ። የተበተነ ሰው የሚሰበሰበው የሚጠራው ሲያገኝ ነው። ጠሪው እናንተ ሁኑ። ሳሎናችሁ ጠባብ ከሆነ በረንዳው አለ፤ ወንበር ካነሰ ዱካ ተዋሱ።

ጥሪው ላይ የማይጠጣ ሰው እንዳይከፋው ለእርሱም በልኩ አስቡለት። ሽሮፑ ሙቅ ሳለ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ንከሩበት፤ ጠረኑ ከጂኑ ብዙም አይርቅም። ከሎሚ ጋር በጥብጣችሁ በወይኑ ፈንታ አምቦ ውሃ ሙሉበት። በተመሳሳይ ብርጭቆ፣ በተመሳሳይ ክብር አቅርቡት። የሚያሽከረክር፣ የምትጾም፣ ነፍሰ ጡር፣ መጠጥ የተወ ወዳጅ፣ ሁሉም ብርጭቆ አንሥቶ «ለጤናችን» ይበል። በአገራችን ሕግ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነውና ለወጣቶቹም የሚቀርበው ይኸው የአምቦው ነው።

6. የሚቆምበትን እወቁ

ይህ መጠጥ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጣፍጣል፣ እንደ ሎሚናድ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው የመድፍ ስም የተሰጠው በከንቱ አለመሆኑ የሚታወቀው። እንለካው። 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 40 ከመቶ አልኮል ካለው፣ 12 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ነው። 60 ሚሊ ሊትር ወይን በ12 ከመቶ ሲሰላ 7 ይጨምርበታል። ድምሩ 19 ነው። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 ከመቶ ከ17 አያልፍም። ያቺ ቀጭን ብርጭቆ አንድ ጠርሙስ ቢራን ትበልጣለች ማለት ነው። ሦስት «ትንንሽ ብርጭቆ» የጠጣ ሰው ከሦስት ቢራ በላይ ጠጥቷል፤ እርሱ ግን ሎሚ የጠጣ ነው የሚመስለው። ቁልፉን ያነሳ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ የሱ ብቻ አይሆንም።

ማርም ሲበዛ ይመራል። መጠጡን በልክ የሠራ ሰው በልክ ካልጠጣው ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ሥራም እንዲሁ ነው። ቀንና ሌሊት ሠርቶ ጤናውን ያጣ ሰው፣ ለሰው ሲል ራሱን ጨርሶ የሰጠ ሰው፣ ልክ አጥቶ እንጂ ጥረት አጥቶ አይደለም የሚወድቀው።

በዚያ ማታ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶቹ ገቡ። እህቴን ጨምሮ 12 ብርጭቆ ቆጠርኩ፤ አንዲት ጠርሙስ። ወጥ ቤት ገብቼ ለካሁ፣ በጠበጥኩ፣ አጠለልኩ። ከመዳፌ ቀመስኩ፤ ትንሽ ሽሮፕ ጨመርኩ። ጠርሙሱን አዞርኩት፤ «እፍ» አለ። በጎን በጎን ሞላሁት። ነጭ አረፋ እስከ አፉ ወጥቶ ረጋ፤ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠኑ ፊኛዎች እየተከታተሉ ይወጣሉ።

እማማ የሻምፓኝ ብርጭቆውን አልፈለጉትም። «በራሴ ዕቃ ቅዳልኝ» ብለው መለኪያዋን ዘረጉ። ሞላሁላቸው። አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ትንሽ ዝም አሉ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል፤ እህቴ ከዲግሪዋ ይልቅ ስለዚህ ውጤት የተጨነቀች ትመስላለች።

«ልክ ነው» አሉ።

ልድገምልዎት ስላቸው መለኪያዋን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

ወዳጆቼ፣ ኮክቴሉን ሥሩትም አትሥሩትም ምርጫው የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ግን ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ መለኪያ ፈልጉ። ቁጥር የተጻፈበት የሽሮፕ ኩባያ ይሁን፣ ደብተርና ብዕር ይሁን፣ የግድግዳ ሰዓት ይሁን። እስከ ዛሬ «በግምት» ስትሠሩት ከኖራችሁት ነገር አንዱን ብቻ ምረጡና ለአንድ ሳምንት ለኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ አስቀምሱት።